«አላወቅሁም ነበር» ያለ አሰልጣኝ ይጠየቅ ወይስ ይታለፍ?

ባለፈው እትም አንድ አባት ልጃቸው በአሜሪካ ፉትቦል ስኮላርሺፕ ሊያገኝ እንደሆነ ጽፈውልን ነበር። መልሱ ላይ ስለ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሁለት መስመር ጣል አደረግኩ። ዋናው አሰልጣኝ ከርክ ፌረንትዝ በ2020 በቡድኑ ላይ ለተነሳው የዘረኝነት ውንጀላ የሚገባውን ያህል አልተጠየቀም አልኩ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ጎረፈ። የተቆጡ አሉ፣ ያመሰገኑ አሉ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተከራክረው ሁለቱም ለየብቻ የጻፉልን ባልና ሚስትም አሉ። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ይሁን። ዓመትና ወሩ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ ያደግኩት ዴሞይን ነው። ቤታችን ቅዳሜ ማለት ሆክአይስ፣ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ማለት ነው፣ አባቴ እንግሊዝኛ ሳይለምድ ነው ጨዋታውን የለመደው። ባለፈው የጻፍከው ግን አናደደኝ። ዶይል የሚባለው የአካል ብቃት አሰልጣኝ ሄዷል። ፌረንትዝ ይቅርታ ጠይቋል፣ ደንቡን ቀይሯል፣ ጨዋ ሰው እንደሆነ አገር ያውቃል። ከዚህ በላይ ምን እንዲሆን ነው የምትፈልገው? ዝም ብሎ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሆኖ ነው እንጂ። (የሆክአይስ ደጋፊ፣ ከአዮዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ዛፉ አልወደቀም። ፌረንትዝ በ2022 መጀመሪያ ላይ እስከ 2029 የሚያቆይ፣ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት አዲስ ውል ፈርሟል። የወደቁት ሌሎች ናቸው። የኔም ጥያቄ እሱ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ሜይ 2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ስር ሞተ። አሜሪካ እየነደደች ሳለ፣ ጁን 5 ቀን፣ ጄምስ ዳንኤልስ የሚባል የቀድሞ የአዮዋ ተጫዋች ትዊተር ላይ ጻፈ። ያኔ በፕሮፌሽናል ሊጉ በኤንኤፍኤል ለቺካጎ ቤርስ ነበር የሚጫወተው። አዮዋ ውስጥ ጥቁር ተጫዋቾች ለረጅም ጊዜ ፍትሐዊ ባልሆነ መንገድ ሲያዙ ኖረዋል አለ። በቀናት ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ የቀድሞ ተጫዋቾች እየተቀባበሉ የራሳቸውን ተናገሩ። ስለ ፀጉራቸው፣ ስለ አለባበሳቸው፣ ስለ ጌጣቸው፣ ስለ አነጋገራቸው የተባሉትን። ወደመጣህበት ሰፈር እመልስሃለሁ ተብለው እንደተዛተባቸው የተናገሩም ነበሩ። «የአዮዋ መንገድ» የሚባል አንድ ቅርጽ ነበረ፣ ልጁ ከዚያ ቅርጽ ጋር ካልገጠመ ችግሩ የልጁ ነው።

የብዙዎቹ ጣት የተቀሰረው ወደ አካል ብቃት አሰልጣኙ ወደ ክሪስ ዶይል ነበር። ሰውየው ከ1999 ጀምሮ፣ ማለትም ፌረንትዝ ዋና አሰልጣኝ ከሆነበት የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ አብሮት የቆየ ነው። በዓመት 800 ሺህ ዶላር ገደማ ይከፈለው ነበር፣ በኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ በሙያው ከፍተኛው ደመወዝ። ዳንኤልስ በጻፈ ማግስት ከሥራ ታገደ። በአሥረኛው ቀን ገደማ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቶት ተሰናበተ። እሱ በዘር ምክንያት አድልቼ አላውቅም ብሎ ክዷል፣ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ሀሽ ብላክዌል የሚባል የካንሳስ ሲቲ የሕግ ድርጅት ቀጠረ። ድርጅቱ 111 ሰዎችን አነጋግሮ ጁላይ መጨረሻ ላይ ሪፖርት አወጣ። የቡድኑ ደንቦች የዘርና የባህል አድልዎን አንሰራፍተዋል፣ የተለየ ባህል ያለውን ሰው ዋጋ አሳንሰዋል የሚል ነው ጭብጡ። ይህን ያለው ተቃዋሚ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከፍሎ ያመጣው መርማሪ ነው።

አሁን ወደ ፌረንትዝ እንምጣ። በኩራት የምትናገርለት ነገር ምንድን ነው? ለሃያ ምናምን ዓመት አንድ ቦታ የቆየ፣ እያንዳንዱን ዝርዝር የሚያውቅ፣ በአዮዋ ታሪክ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈ ሰው መሆኑን አይደል? ተጫዋቾቹ ኮፍያ ማድረግ አለማድረጋቸውን ሳይቀር በደንብ የወሰነ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከቢሮው ጥቂት እርምጃ ርቆ ባለው ጂም ውስጥ ለሁለት አሥርት ዓመታት የሚሆነውን አላይም ነበር ሲል፣ የማይታየኝ ቦታ ነበር ሲል፣ እኔ ደጋፊ ብሆን ደስ አይለኝም። ቢያውቅ ኖሮ ጥፋት ነው። ካላወቀም ለማወቅ ነው የሚከፈለው።

ደግሞ ምልክት አልነበረም ማለት አይቻልም። ጃንዋሪ 2011 ከአንድ ከባድ ልምምድ በኋላ 13 ተጫዋቾች ሆስፒታል ገብተዋል። ጡንቻቸው ተሰባብሮ ወደ ደማቸው እየገባ ነበር፣ ኩላሊት የሚያበላሽ አደገኛ ነገር ነው። ምርመራ ተደረገ፣ ጥፋተኛ የተባለ አሰልጣኝ የለም፣ ልምምዱ ብቻ እንዲቀር ተባለ። በዚያው ዓመት በፀደይ ዶይል የቡድኑ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ ተብሎ ተሸለመ። የሸለመው ማን እንደሆነ ገምት። በዘር ጉዳይም ቢሆን ከ2020 በፊት የአትሌቲክስ ክፍሉ የራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥቁር ስፖርተኞች ለምን በብዛት እንደማይመረቁና ራሳቸውን ሆነው መኖር ለምን እንደሚከብዳቸው አጥንቷል። ወረቀቱ ቤት ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ይቅርታ ጠይቋል ያልከው እውነት ነው። ትዊተር የመጠቀም ክልከላውን አንስቷል፣ የኮፍያና የጌጥ ደንቡን አላልቷል፣ ከቀድሞ ተጫዋቾች የተውጣጣ አማካሪ ኮሚቴ አቋቁሟል። እነዚህን አላናንቅም። ኮሚቴውን ግን በ2022 ራሱ በተነው። የሚያርመውን ሰው ራሱ መርጦ፣ ሲያበቃም ራሱ ካሰናበተ፣ ተጠያቂነቱ የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ እኔ የሕግ ባለሙያ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚህ ጉዳይ የፈረደ ፍርድ ቤት የለም። ክሱ በስምምነት ነው ያለቀው፣ ስምምነት ደግሞ ጥፋትን ማመን አይደለም። ትዊተር ላይ በተጻፈ ነገር የሰው ስም ማጥፋት ለኛ ለጥቁሮችም ቢሆን ነገ የሚመለስ ነገር ነው። ይህን አስበውበታል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አስቤበታለሁ፣ ያነሱትም ቁም ነገር ነው። ፍርድ ቤት ያላለውን «ተፈርዶበታል» ብሎ መጻፍ ነውር ነው፣ እኔም አላልኩም።

በ2020 መጨረሻ አክረም ዋድሊ የሚባለው የቀድሞ የአዮዋ ተጫዋች ያለበት የጥቁር ተጫዋቾች ቡድን ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ክሱ ማርች 2023 ላይ በ4.175 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ። ጥፋት ታምኖ አይደለም። ዋናው አሰልጣኝ፣ ልጁ ብራያን ፌረንትዝ እና ዶይል ከክሱ እንዲወጡ ተደረገ። ፌረንትዝ በስምምነቱ ማዘኑን፣ ክሱ ለችሎት ሳይደርስ ውድቅ ይሆን ነበር ብሎ እንደሚያምን በይፋ ተናግሯል። ይህ ሁሉ መመዝገብ አለበት።

ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ሰው እስር ቤት ለማስገባት የምንጠይቀው ማስረጃና በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለውን ኃላፊ ለማሰናበት የምንጠይቀው ማስረጃ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። እርስዎ ራስዎ ቢሮዎ ውስጥ አንድ ኃላፊ ቢኖር፣ ስሩ የሚሠሩ በርካታ ሰዎች በየፊናቸው፣ በተለያየ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ታሪክ ቢነግሩዎት፣ የቀጠሩት መርማሪም ቤቱ ውስጥ ችግር አለ ቢልዎት፣ ፍርድ ቤት እስኪፈርድ ነው የሚጠብቁት? ደንበኛዎን እንዴት እንደሚመክሩ አውቃለሁ።

ደግሞ የትዊተሩን ነገር ልመልስ። የ2012ቱ ተጫዋችና የ2018ቱ ተጫዋች ተገናኝተው አያውቁም ይሆናል። ሁለቱ አንድ ነገር ሲናገሩ ወሬ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። አንድ ሰው ቢሆን ከርስዎ ጋር እቆም ነበር። ደርዘኖች ናቸው። አንዳንዶቹም ፌረንትዝን እንደ አባት እንወደዋለን እያሉ ነው የተናገሩት። የሚጠላ ሰው ሲከስ መጠርጠር ይቻላል፣ የሚወድ ሰው ሲከስ ግን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው።

የዶይልን ቀጣይ ነገር ደግሞ ይዩት። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ የኤንኤፍኤሉ ቡድን ጃክሰንቪል ጃጓርስ ቀጠረው። አሰልጣኙ አርበን ማየር ነበር። ጥቁር አሰልጣኞችና ኃላፊዎች እንዲቀጠሩ የሚሟገተው የፍሪትዝ ፖላርድ ማኅበር ወዲያው ተቃወመ። ዶይል ቅጥሩ ይፋ በሆነ ማግስት ለቀቀ። ማንም ፍርድ ቤት አላዘዘም። ሰዎች ጠየቁ፣ መልስ የለም፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። እነዚህ ልጆች 130 ኪሎ የሚመዝኑ ጎረምሶች ናቸው። ይህን ያህል በደል ከደረሰባቸው ለምን ዝም አሉ? ለምን ጥለው አልሄዱም? አሜሪካ አይደል እንዴ! (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፣ በደንብ ልመልሰው።

በኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ ልጁን አብዝቶ የሚያገኘው ዋናው አሰልጣኝ አይደለም። ከውድድር ወቅት ውጪ ዋናው አሰልጣኝና ረዳቶቹ ከተጫዋች ጋር የሚሠሩበት ሰዓት የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው በኤንሲዶብልኤ ደንብ የተገደበ ነው። በክረምቱና በበጋው ልጆቹን በንጋት ተቀብሎ ብረት የሚያስነሳቸው፣ ምግባቸውንና ክብደታቸውን የሚቆጣጠረው የአካል ብቃት አሰልጣኙ ነው። ማን ጠንካራ ነው፣ ማን ሰነፍ ነው፣ ማን «ፀባይ የለውም» የሚለውን ወደ ላይ የሚያቀብለው እሱ ነው። የኤንኤፍኤል መልማዮች ሲመጡም ስለ ልጁ የሚጠየቀው እሱ ነው። «ይሄ ልጅ አስቸጋሪ ነው» የምትል አንዲት ቃል ልጁን ሚሊዮኖች ልታሳጣው ትችላለች። ታዲያ የሚናገረው ለማን ነው?

ልሂድ ቢልስ? ዛሬ ተጫዋች እንደልቡ ዩኒቨርሲቲ ይቀይራል። ይህ ግን የመጣው በ2021 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ትልቅ ቡድን የሄደ ተጫዋች አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። ከአራት ዓመት ዕድሜህ አንዱን ወርውረህ፣ «ከአዮዋ ለምን ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ተሸክመህ ነው የምትሄደው። በዚያ ላይ በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘትም የተፈቀደለት በዚያው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ ስኮላርሺፑ ኑሮው ነበር። እናቱ ሰፈር ውስጥ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ» ብላ አውርታለች። ሆድ ይፍጀው ብሎ ጥርሱን ነክሶ ይጨርሳል። አረብ አገር የሰው ቤት የሠራችን ልጅ ለምን ዝም አልሽ ብለን አንጠይቃትም፣ ፓስፖርቷ በማን እጅ እንደነበር እናውቃለን። እዚህም የልጁ ነገ የተያዘው በሰው እጅ ነው።

በቡድን ሆነው አፍ ያወጡ ደግሞ የደረሰባቸውን ታሪክ ይነግርሃል። እዚያው አዮዋ፣ በ1969 ፀደይ፣ 16 ጥቁር ተጫዋቾች ጥያቄ አንስተው ልምምድ አንሄድም አሉ። አሰልጣኙ ከቡድን አስወጣቸው። የተወሰኑት ብቻ ናቸው በኋላ የተመለሱት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ 14 ጥቁር ተጫዋቾችን አባረረ፣ ጥፋታቸው ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ ጥቁር ጨርቅ ክንዳችን ላይ እንሠር ማለታቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቃቸው በ2019 ነው። ሃምሳ ዓመት! ልጅ የነበሩት አያት ሆነው።

ጊዜው ሲቀየር ግን ጉልበቱም ተቀየረ። ኖቬምበር 2015 ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች ስለ ዘረኝነት ወራት ሙሉ ሲጮሁ ሰሚ አልነበረም። ጥቁር የፉትቦል ተጫዋቾች ፕሬዚዳንቱ ካልለቀቀ አንጫወትም አሉ። አሰልጣኙ ጋሪ ፒንከል ከልጆቹ ጎን ቆመ። ቀጣዩ ጨዋታ ቢሰረዝ ዩኒቨርሲቲው 1 ሚሊዮን ዶላር ይከፍል ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቲም ዎልፍ በሁለት ቀን ውስጥ ለቀቀ። የተማሪዎቹ ጩኸት ያላንቀሳቀሰውን የቅዳሜ ጨዋታ አንቀሳቀሰው። የሚያሳዝንም የሚያስደንቅም ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በስምምነቱ የተከፈለው ገንዘብ ከግብር ከፋዩ ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ የጭነት መኪና ነጂ ነኝ፣ ግብሬ ለአሰልጣኝ ጥፋት ነው የሚከፈለው? (ከሴዳር ራፒድስ)

መልስ፦ ተቃርቦ ነበር። ከ4.175 ሚሊዮኑ ውስጥ 2 ሚሊዮኑ ከክልሉ ካዝና እንዲወጣ ተጠይቆ፣ ሦስት አባላት ያሉት ቦርድ 2 ለ 1 አጸደቀው። የተቃወመው የክልሉ ኦዲተር ሮብ ሳንድ ነው። ያቀረበው ነጥብ ቀላል ነው፤ የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ጋሪ ባርታ ሥራውን እስካልለቀቀ ድረስ ከሕዝብ ገንዘብ አንድ ሳንቲም መውጣት የለበትም። ምክንያት ነበረው። በባርታ ዘመን ይህ የመጀመሪያው የአድልዎ ክስ አልነበረም። በ2017 ሁለት ሴቶች፣ አንዷ የሜዳ ሆኪ አሰልጣኝ ሌላዋ የአትሌቲክስ ክፍሉ ምክትል ኃላፊ የነበሩ፣ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ነው ክሳቸው የተዘጋው።

ሕዝቡ ሲቆጣ የዩኒቨርሲቲዋ ፕሬዚዳንት ባርባራ ዊልሰን የአትሌቲክስ ክፍሉ ገንዘቡን ለክልሉ ይመልሳል አለች። ስለዚህ ግብርህ ተመልሷል። ባርታም በዚያው ዓመት በኦገስት ጡረታ ወጣ። ጡረታ ነው የተባለው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እኔን ከሁሉ በላይ ያበሸቀኝ ይሄ ነው። ስምምነቱ ከመጽደቁ አንድ ወር በፊት፣ ፌብሩዋሪ 2023፣ ዩኒቨርሲቲው የብራያን ፌረንትዝን ውል አሻሻለ። የአሰልጣኙ ልጅ የማጥቃት ክፍሉ ኃላፊ ነበር፣ ቡድኑ ነጥብ ማግባት አቅቶት ደጋፊው ተማርሮ ነበር። ደመወዙ ተቀነሰ፣ ቡድኑ በአማካይ በጨዋታ 25 ነጥብ እንዲያስመዘግብ ውሉ ላይ ተጻፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ከውድድሩ በኋላ እንደማይቀጥል ተነገረው። አየህ፣ ተጠያቂ ማድረግ ሲፈልጉ እንዴት እንደሚደረግ ያውቃሉ። ቁጥር ይጻፋል፣ ቀን ይቆረጣል፣ አለቃው የአሰልጣኙ ልጅ ቢሆንም አይቀርም። ለነጥብ ይህ ሁሉ ተደርጓል። ለተጫዋቾቹ ክብርስ በማን ውል ላይ ምን ተጻፈ?

ጥያቄ፦ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ግን አሰልጣኙን ፊትዝጀራልድን አባረረው። ለአንዱ ጥብቅ፣ ለሌላው ልል ለምን? (የቺካጎ አንባቢ)

መልስ፦ ባጭሩ፣ ኖርዝዌስተርን ያደረገውም አርአያ አይሆንም። ጁላይ 2023 ላይ ፓት ፊትዝጀራልድን መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት አገደው። አዲስ ተጫዋቾችን የማዋረድ ድርጊት ነበር ጉዳዩ። የተማሪዎቹ ጋዜጣ ዝርዝሩን ሲያወጣ፣ የዘረኝነት ውንጀላም ሲከተል፣ በሦስት ቀን ውስጥ ቅጣቱ ወደ ስንብት ተቀየረ። እሱም አላውቅም ነበር ብሎ ከሰሰ። በ2025 ተስማሙ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተጫዋቾች ድርጊቱን ለፊትዝጀራልድ እንደነገሩት የሚያሳይ ማስረጃ አለመገኘቱን ገለጸ። በጋዜጣ ጩኸት ልክ የሚቀጣና የሚምር ተቋም ሥርዓት የለውም። አዮዋ ዘገምተኛ ሆነ፣ ኖርዝዌስተርን ደንጋጣ። ለተጫዋቹ ሁለቱም አይረቡም።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ እኔ እናት ነኝ። ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል፣ መከላከያ ላይ ነው የሚጫወተው። አሰልጣኞች ቤታችን እየመጡ ነው። ቡና አፍልቼ፣ ድፎ ቆርሼ አስተናግዳቸዋለሁ፣ ሁሉም ልጅሽን እንደ ልጄ ነው የማየው ይሉኛል። ልጄ ደግሞ ፀጉሩን ሹሩባ ነው የሚሠራው። የጻፉትን ካነበብኩ እንቅልፍ የለኝም። ምን ልጠይቃቸው? እንዳላስቀይማቸውም እፈራለሁ። (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ይሉኝታውን ይተዉት። እነሱ ናቸው እርስዎን የሚፈልጉት። ልጅዎ ፊርማውን እስኪያኖር ድረስ ኃይሉ በእርስዎ ቤት ነው፣ ከፈረመ በኋላ ይገለበጣል። ስለዚህ አሁን ይጠይቁ።

ቤትዎ የመጣው ሰው መልማይ ነው፣ ሥራው መወደድ ነው። እርስዎ ማየት ያለብዎት የአካል ብቃት አሰልጣኙን ነው። ካምፓሱን ሲጎበኙ «ጂሙን አሳዩኝ፣ ሰውየውንም አስተዋውቁኝ» ይበሉ። ልጆቹን ሲያናግር ይዩት። ቋንቋው ባይገባዎትም ፊታቸውን ያነባሉ፣ እናት ነዎት።

ከዚያ ጥቁር ተጫዋቾችን አሰልጣኝ በሌለበት ማናገር እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው። እነሱ የሚመርጡልዎትን ብቻ አይደለም። ከሁሉም በላይ ከቡድኑ ወጥተው ወደ ሌላ የሄዱትን ይፈልጉ። ልጅዎ በኢንስታግራም በአንድ ምሽት ያገኛቸዋል። ለምን እንደወጡ ይጠይቃቸው። የአዮዋን ነገር ያወጡት የወጡት ልጆች ናቸው፣ ውስጥ ያሉት መናገር አይችሉም ነበር።

ስለ ሹሩባው በግልጽ ይጠይቁ። «ልጄ ይህን ፀጉር ይዞ ነው የሚገባው፣ ይዞት ነው የሚወጣው፣ ችግር አለ?» ይበሉ። መልሱ ፈጣንና ግልጽ ካልሆነ፣ ዳር ዳር ካሉ፣ መልስ አግኝተዋል።

አንድ ጥያቄ ግን በምንም አይለፉት፦ ልጄ በአሰልጣኝ ቢበደል ለማን ይናገራል? «በሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው» የሚል ዋና አሰልጣኝ ይኖራል፣ ጥሩ ነው፣ አይበቃም። ከፉትቦል ሕንፃ ውጪ የተቀመጠ፣ ደመወዙን ከፉትቦል የማይቀበል ሰው መሆን አለበት። ስሙንና ስልኩን ይጠይቁ። በስልክ ደውለው ያረጋግጡ። ባለፉት ዓመታት ቅሬታ ቀርቦ ያውቃል ወይ፣ ከቀረበ ምን ሆነ ብለውም ይጠይቁ። «ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም» የሚል ቤት አያጓጓዎት፣ ከመቶ በላይ ጎረምሳ ያለበት ቤት ነው። ጥቁር ተጫዋቾች ስንት በመቶ እንደሚመረቁም ይጠይቁ፣ ቁጥሩ አላቸው።

የሚቀየም ይቀየም። በዚህ ጥያቄ የሚቀየም አሰልጣኝ ልጅዎን ጂም ውስጥ ብቻውን ሊያገኘው ነው፣ አስቡት።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሳንስማማ ከረምን። እሱ ዘንድሮም ሆክአይስ የሚጫወቱበትን የኪኒክ ስታዲየም ትኬት ልግዛ ይላል፣ እኔ ልጆቼን ይዤ እዚያ መቀመጥ ህሊናዬ አይፈቅድም። ይዳኙን። (ከአዮዋ ሲቲ)

መልስ፦ ባለቤትሽም የጻፉልን መሆኑን ላንቺ ልንገርሽ። ደብዳቤያቸው ላይ የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ዞሮ ከስታዲየሙ ጎን ባለው ሆስፒታል መስኮት ላይ ለቆሙት ሕጻናት እጁን ሲያውለበልብ ማየት ምን ያህል እንደሚነካቸው ጽፈዋል። ከ2017 ጀምሮ የሚደረግ ነገር ነው። እውነታቸውን ነው፣ ከዚያ በላይ የሚያምር ነገር በስፖርት ሜዳ አላውቅም። ችግሩም እዚያው ነው። ራሱን ደግ አድርጎ የሚያውቅ ደጋፊ ቤቱ ውስጥ በደል አለ ሲባል ያመዋል፣ ሲያመው ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ዳንኤልስና ጓደኞቹ ሲናገሩ «ከሃዲ» ያሏቸው ሰዎች ክፉዎች አይመስሉኝም። አብዛኞቹ ቡድናቸውን አብዝተው የሚወዱ ናቸው።

ፍርዴ ይህ ነው። ሂዱ። ልጆቹንም ውሰዷቸው። የሚጫወቱት ልጆች ምንም አላጠፉም፣ ብዙዎቹም የኛን ልጆች የሚመስሉ ናቸው። ስትገቡ የሜዳውን ስም አሳዪአቸው፣ ከ2021 ጀምሮ ዱክ ስሌተር ሜዳ ይባላል። ስሌተር ከ1918 እስከ 1921 ለአዮዋ የተጫወተ ጥቁር ነው፣ ያለ ሄልሜት ይጫወት ነበር፣ ኋላም ቺካጎ ላይ የፍርድ ቤት ዳኛ ሆኗል። ስሙ ሜዳው ላይ እስኪወጣ መቶ ዓመት መፍጀቱንም ንገሪያቸው፣ የወጣውም ተጫዋቾቹ በተናገሩ ማግስት በሚባል ጊዜ መሆኑን ጨምሪ።

ባለቤትሽ ደግሞ ትኬቱን ሲገዙ ለአትሌቲክስ ዳይሬክተሯ ለቤት ጎትዝ ቢሮ አንድ ኢሜይል ይጻፉ። ትኬት ገዢ ሲጽፍ ይነበባል። የተበተነው አማካሪ ኮሚቴ በምን ተተካ? ተጫዋቾች በአሰልጣኞች ላይ የሚያቀርቡት ቅሬታ በየዓመቱ ለማን ይደርሳል፣ ከዋናው አሰልጣኝ በላይ ማን ያየዋል? በስምምነቱ የተገባው የአምስት ዓመት የእኩልነት ዕቅድ የት ደረሰ? እነዚህን ይጠይቁ። መልስ ከመጣ ለኛም ላኩልን፣ እናትማለን። በወሩ መልስ ካልመጣ እንደገና ይጻፉ፣ በዚህ ጊዜ አንቺም ከስር ፈርሚበት።